የላይኛው

ፍየሎቹን አስወጥተን ጓዳውን ለእሳቸው ለቀቅን፤
ባሌ ግድግዳውን በመጥረቢያ ሲበሳ፣ ጭቃው ሲረግፍ፣ ሳቅን።
"ሰባ ዓመት ያለ መስኮት ኖሬ
ሳል ብርሃን አመጣልኝ ዛሬ"
አሉና ሳሉ።
ደግመው ሳሉ።
ሳቃችንም እዚያው ቀረ።

ባሌ መድኃኒት ሊገዛ ከዴዶ ጅማ ወረደ፤
መርምረው "አንተም አለብህ" አሉት፤ አልተመለሰም፣ ታገደ።
ከኮሌጁ ግቢ ደውሎ "አባቴን አደራ" አለኝ፤
አደራው ከበደኝ አልልም። ብቻ እጄን ሳሙና አቃጠለኝ።

ነጂማ ከጤና ኬላው መጣች፣ የጃንጥላዋ አንድ ዘንግ ተሰብሮ፣
ከአጥሩ ወዲያ ቆመች፣ መዝገቧ በፌስታል ታስሮ።
"የታማሚው ስም?"
"የባሌ አባት።"
"ስማቸውን ነው የምልሽ።"
"የቤቱ ጌታ።"
ከጭንብሏ በላይ ዓይኗ ሳቀ። እሷም ሰው ያገባች ናት፤
ከጎረቤት ጠይቃ ጻፈች፣ እኔም ዞር አልኩላት።

አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ደጅ እግራቸውን አጥቤያለሁ፤
ስማቸውን ግን አላልኩም፤ የሚመስለውንም ቃል እዘለዋለሁ።
ስማቸው በኦሮምኛችን ከሰማይ የሚወርደው ነው፤
ደመና ሲጠቁር "የላይኛው መጣ" ብዬ ነው እህል የማስገባው።

"በሆዳቸው ይተኙ" አለች ነጂማ፣ "ትራስ ከደረታቸው በታች፤
ትንፋሻቸውን ቁጠሪ፣ ሠላሳ ካለፈ ደውዪ፤
ሳትታጠቢ እንዳይጠጉሽ ልጆች።"
ቢጫውን ጀሪካን በምስማር በሳሁ፣ ሳሙናውን በሲባጎ አንጠለጠልኩ፤
አረንጓዴ ሻሼን ቀድጄ ለአፌ ለአፍንጫዬ አደረግኩ።

ከሁሉ የከበደኝ
ገንፎውን ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ላይ አስቀምጦ
ወደ ኋላ መራመድ።
ምራት ሳህን አኑራ ትሸሻለች?
ለውሻ እንኳ እንዲህ አይሰጥም።
"ራቂ፤ ልጆች አሉሽ" አሉኝ፣ ማንኪያውን ሳያነሱ።

አባ ሚልኪ ድንች በጆንያ ከአጥሩ ሥር ጥሎ በሩቁ ይጠራል፤
"ይሄ የከተማ በሽታ ነው" እያለ አፍንጫውን በጋቢው ይከልላል።
ሲቲ ዘሀራ ጥቁር አዝሙድ በማር ሰጠችኝ፣ በዱላ ጫፍ አንጠልጥላ፤
ዱላውን ሳየው ሳቄ መጣ፣ እንባዬም ተከተለው ኋላ።

በሰባተኛው ሌሊት የስልኬ ባትሪ አንድ ጭረት ቀርቶታል፤
ደረታቸው ሲነሣ እቆጥራለሁ፣
ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ አራት፣ ከዚያ ይጠፋኛል።
ደወልኩ። "ጥሪያቸው" አለች ነጂማ፣ "ይመልሳሉ?"
"አባቴ!" ዝም።
"የልጆቼ አያት!" ዝም።
"የቤቱ ጌታ!"
"በስማቸው ጥሪያቸው እንጂ" አለች። ስልኩ ጠፋ።

አፌን ቀዳዳው ላይ አድርጌ
አሥራ አንድ ዓመት የዋጥኩትን
ጠራሁት።
መጀመሪያ ቀስ ብዬ፣ እንደ ሌባ።
ቀጥሎ ጮክ ብዬ፤ የሰፈሩ ውሾች መለሱልኝ።
በሦስተኛው፣ ከጨለማው ውስጥ የልጅ የሚመስል ድምፅ፣
"ማነው?" አለ፣ "ማነው በስሜ የሚጠራኝ?
እናቴ ነሽ?"

ቆምኩ። ጭቃው ከንፈሬን ነካው።
"አዎ" አልኩ።
"በሆድህ ተኛ፣ ልጄ።"
ገለባው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ተገለበጡ።

ሲነጋ ነጂማ አራት ወንዶችና ቃሬዛ ይዛ ደረሰች።
ቆጠረች። ሃያ ስድስት።
እንደገና ቆጠረች።
ቃሬዛው ባዶውን ዳገቱን ወረደ።

ባሌ ከስቶ ተመለሰ፤ ስለዚያ ሌሊት አልጠየቀኝም።
ፍየሎቹ በበሩ ያልፋሉ፣ መስኮቱ ግን አልተደፈነም።
አንድ ቀን እሳቸው ደጅ በርጩማቸው ላይ ሳሉ ሰማዩ ጠቆረ።
"ምን ሊመጣ ነው?" አሉኝ፣ አንገታቸውን አቅንተው።
"የላይኛው" አልኩ፣ ሰሌኑን እያጠፍኩ።
ዝም አሉ። ያቺን የቀረቻቸውን ትንሽ ሳል ሳሉ።
"የእናቴ ድምፅ" አሉ ወደ ዳገቱ እያዩ፣
"ያንቺን ይመስል ነበር።"

እህሉን አስገባሁ።