ሰዓት ያዡ

ሮምባውትን ሳውቀው ወጣት ነበር ያኔ፤
እሱ ብስክሌት ላይ፣ ጎማ ለጣፊ እኔ።
በፍላንደርስ ዝናብ፣ በኮብልስቶን መንገድ፣
ማሊያው ውስጥ ስድስት ኮዳ አጭቆ ሲነጉድ፣
ከኋላ ላየው ሰው ግመል ነው የሚመስል፤
ውሃ ተሸክሞ በጥም የሚከስል።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መሪ ጨብጦ ኖሮ፣
አንዲት ቀን መሪ ሳይባል ቀረ፣ ዞሮ ዞሮ።

አንድ እሑድ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ሊያልቅ ዘጠኝ ኪሎ፣
ከፊት ሦስት ቀሩ፤
እሱም ነበር አንዱ፣ እግሩ ክንፍ አብቅሎ።
አለቃው ኦክታቭ ጎማው ፈነዳበት፤
የኛ መኪና ሩቅ፣ ጭቃ ያገደበት።
ሮምባውት ወረደ፣ ምንም ሳይናገር፤
የፊቱን ጎማ ፈትቶ ሰጠው፣ እሱ ሊቀር።
ስደርስ አገኘሁት ከቦዩ ዳር ተጎልቶ፣
የቀረውን ጎማ ሲወለውል፣ ሣር ነጭቶ።
ኦክታቭ አሸነፈ። በጋዜጣው ፎቶ
የሮምባውት ጎማ ወጣ፣ ሮምባውት ቀርቶ።
«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብዬ ስተርትለት፣
ሳቀ፤ ጥርሱ መሃል አሸዋ አየሁበት።

አሁን ሸብቷል። አሰልጣኝ ነው። ሰዓት ባንገቱ፣
ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከቦዩ ዳር፣ በጠዋቱ፣
ልጆቹን ያስተምራል ነፋስን ማንበብ፦
ላም ፊቷን ስታዞር፣ ጭስ ከሰሜን ሲሳብ፤
ከሰው ጀርባ ተጠግቶ ጉልበትን መቆጠብ።

ሊንደ፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ፣ የባቡር ነጂ ልጅ፣
«አንተ ስንቴ አሸነፍክ?» አለችው እንደ ወዳጅ።
ሰዓቱን እያየ ጥቂት አሰበና፣
«አንዴ» አላት፣ «ግማሼ፤ ግማሼ ቀረና።»

ባለፈው ቅዳሜ፣ በመንደር ውድድር፣
«ጠብቂ!» ብሏታል፣ «እስከ መጨረሻው ዙር።»
አልጠበቀችም።
ሦስት ዙር ሲቀር፣ ከቢራ ቤቱ ማዶ፣
ብቻዋን ወጣች፤ ነፋሱ ደረቷ ላይ ተናዶ።
«እብድ!» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው ድምፁ ጠፋ፤
ባርኔጣው ወደቀ፤ የቆመ ሰው ገፋ።
እኔ ሠላሳ ዓመት አብሬው ስሠራ
አንዴም አላየሁት እንዲህ እጁ ሲፈራ።

መጨረሻው ላይ ደረሱባት፤ አራተኛ ሆነች።
አለቀሰች፤ ብስክሌቷን ግድግዳ ላይ ጣለች።
ምንም አልመከራት። ኮዳ አቀበላት፣
የለመደው እጁ፣
እንደ ድሮው ሁሉ፣ ክዳኑን ከፍቶላት።

ማታ ጎማዋን ሳጥብ፣ ሚስማር ላይ ካለው ኮቱ
ቀጭ ቀጭ ይላል። ኪሱን ዳበስኩ። ለካስ ሰዓቱ
ገና ሊንደን ይቆጥራል።
ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግሁ።
ከዚያ ተውኩት። መብራት አጥፍቼ ወጣሁ።