እንደ ምን ጥቁር?

ዓይኑ ከፈዘዘ ሦስት ክረምት ሆነው።
ፔጆዋን ሲሸጥልኝ፣ ቁልፉን ከነእጄ ጨብጦ፣
«ሲነጋ ነይ» አለኝ፣ «ያደረ ሞተር አይዋሽም፤
እኔ እሰማለሁ፣ አንቺ ታያለሽ፣
ያየሽውን ግን በስሙ ትጠሪልኛለሽ።»

ይኸው ቅዳሜ ነው። ጅማ እንደ ልማዷ
ሌሊቱን ዘንባ አድራ፣ ጉሙ ከጅሬን ወርዷል፤
የሒርማታ ቆርቆሮ ገና ጠብ ጠብ ይላል።
አባ ፊጣ በርጩማው ላይ፣ ከዘራው በጉልበቶቹ መሃል፣
ፊቱን ወደ ኮፈኑ አዙሮ፣ ዜና እንደሚጠብቅ ሰው።

«መሬቱ ለጥ ያለ ነው?» «ነው።»
«ጎንበስ በይ፤ ከሥሯ ምን ይታያል?»
«ውሃ።» «የሰማይ ነው የእሷ?»
እንዴት ልወቅ?
«ንኪዋ! ጣትሽ ላይ ሙልጭልጭ ካለ የእሷ ነው፣
ካላለ የሰማይ።»
የሰማይ ነበር።

ዘንጉን መዘዝኩ። ጠረግኩ። መልሼ ከተትኩ። ደግሜ መዘዝኩ።
(ሳልጠርግ ያነበብኩ ዕለት ሳምንት ሙሉ ስቆብኛል፣
«የትናንት ወሬ ይዘሽ መጣሽ» እያለ።)
«ከሁለቱ ጭረት የት ላይ ቆመ?»
«ከመሃል ዝቅ ብሎ።» «መልኩስ?»
«ጥቁር።»
«ጥቁር መልስ አይደለም!» ከዘራው መሬት መታ።
«እንደ ምን ጥቁር? እንደ ሬንጅ? እንደ ጥላሸት?
እንደ መሸ ወይስ እንደሚመሽ?»

አስተማሪ ነኝ እኔ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቅጽል አስተምሬ
ለአንድ ጠብታ ዘይት ቃል አጥቼ ቆምኩ።
«የጫካ ማር» አልኩ በመጨረሻ፣ «ከርሞ የተረፈ፤
ወደ ብርሃን ሲያነሱት ቀይ፣ ሲመልሱት ጥቁር።»
«ጋሪ!» አለ። በእሱ ቋንቋ ጥሩ ማለቱ ነው፤
እኔ ሁልጊዜ «ፈረሱስ?» እላለሁ፣ ሁልጊዜ ይስቃል።

የራዲያተሩን ክዳን ጠባሳዬ ያውቀዋል፤
ጥቅምት ላይ ከሰቃ ስመለስ፣ እንደተኮሰች
ከፍቼ የተቀበልኩት ነው፣ ከክርን እስከ መዳፍ።
ዛሬ ቀዝቅዛለች፤ ጣቴን ሰደድኩ፣ ውሃው ቀድሞ ነካኝ።
የፍሬኑ ዘይት ከመስመሩ በላይ ነው።
«እሱ እንዲሁ አይጎድልም፤ የጎደለ ዕለት
ሞልተሽ ዝም አትበዪ፣ ወዴት ሄደ ብለሽ ጠይቂ።»
ባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ነገር፤ ሳይጠይቀኝ ቀደምኩት፣
«ሕፃን አፍ ዳር እንደ ደረቀ ወተት።»
«ሙቅ ውሃ አፍሺበት። ዓይንሽን ጠብቂ» አለ፣
ይቺን ሲል ድምፁ ዝቅ አለ።

የዘይት መሙያውን ክዳን የፈታሁት መጨረሻ ነው።
ከሥሩ አረፋ።
«ሙንተሃ?»
«ምንም የለም።»
«እንደ ምን ያለ ምንም?»
«የተናጠ... ቢጫ ያዘለ። ቅቤ ሊወጣው ሲል ያለ።»

ከዘራው ቆመ።
ውሃና ዘይት ከተገናኙ ጓርኒሲዮኑ ሄዷል፣ ምናልባት ቴስታታውም፤
ይህን ያህል እኔም አውቃለሁ። ለእኔ የስንት ወር ደሞዝ፣
ለእሱ ሠላሳ ዓመት የነዳት።

«ዘንጉን ድገሚ። እዚያስ አረፋ አለ?»
«የለም። ማር ነው።»
«ራዲያተሩ ላይ ዘይት ተንሳፏል?»
«አልተንሳፈፈም።»
በአዌቱ ድልድይ በኩል አንድ ባጃጅ እየተንተባተበ አለፈ፤
እሱ እስኪርቅ ጠበቀ።
«ላብ ነው» አለ። «አልታመመችም፣ መቆም በዝቶባት ነው።
ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት፣
ሳትሞቅ ታጠፊያታለሽ፤ እርጥበቱ በየት ይውጣ?
መንገድ ስጪያት።»

በርጩማውን አየሁት፤ እግሮቹ
መሬቱን በስተው ጉድጓድ አበጅተዋል።

የጋቢናውን በር ከፈትኩ።
«ማጠፊያው ቅባት ጠምቶታል» አለ፣ ገና ሳይገባ።
ወደ አጋሮ ስንወጣ ብዙ አላወራንም፤
ዳገቱ ላይ ብቻ፣ ሦስተኛ ማርሽ ሳስጨንቃት፣
መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ ጣል አድርጎ
«ቀንሺላት» አለኝ። ቆይቶም፣
«አሁን ምን ይታይሻል?»

«አረንጓዴ» አልኩ፣
ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ስህተቴ ገባኝ።