የማይገጥም በር

ደብዳቤው በደረሰ በሦስተኛው ማታ፣
ይመር ከሶፋው ጥግ፣ እኔ ከመኝታ፣
አንድ ጣሪያ ስናይ፣ ሊነጋ ሲል ገና፣
«ፋብሪካው ጠርቶኛል» አለ፣ «አንቺ ሂጂና
ኮምቦልቻን አይተሽ ነይ። ዓይንሽን አምናለሁ፤
እኔ እዚያ ተወልጄ በናፍቆት አያለሁ።»

እኔ የሜዳ ልጅ፣ የናዝሬት አቧራ ያሳደገኝ፣
ተራራ ሲከበኝ ኮሌታዬ የጠበበ የሚመስለኝ፣
ሜትር ያዝኩ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፤
ደብተር ያዝኩ፣ ጻፍኩበት፦ ውሃ፣ ትምህርት፣ ኪራይ፣ በር፤
ከታች፣ ሁለቴ አስምሬ፦ ደረት።
የሙባረክ ደረት፣
ሌሊት ሌሊት ሲር ሲር የሚለው።

የፋብሪካው ዘበኛ፣ ሙሄ የሚሉት ሰው፣
ቁልፉን እያንሿሿ አዳራሹን አሳየኝ፤
ግማሹ ማሽን ቆሟል፣ ላስቲክ እንደ ለበሰ፣
ግማሹ ይንኳኳል፣ ትንፋሹ እንደ ተመለሰ።
«ያኔማ...» ብሎ ጀመረና ተወው፤
ከመሬት አንድ ብሎን አንስቶ ኪሱ ከተተው።

እትዬ የሺሐረግ የሚከራየውን ቤት
ከፈተችልኝ፤ ከፈተች ማለት፣
በትከሻዋ ገፋችው።
ሁለት ክፍል። አንድ የዘይቱን ዛፍ። ሦስት በርሜል።
«ውሃ በስምንት ቀን፤ አንዳንዴም ይዘላል፤
ሲመጣ ሌሊት ነው፣ ቧንቧው ያስነጥሳል፣
ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ባልዲ ይዞ ይነሳል።»

በሩን ለካሁት። ከመቃኑ ሁለት ጣት ይርቃል።
«ያን ሰሞን» አለችኝ፣ «ከባድ ነገር ወድቆ እዚያ ማዶ፣
ግድግዳው ፈቀቅ አለ፤ በዚያው ቀረ ለምዶ።
ሦስት አናጢ አመጣሁ። እንቢ።
ልጄ አማርኛ አስተማሪ ነው፣ ይስቅብኛል፦
‹ሌላው ግጥም ሆኖ ነው ቤት የሚመታው፤
ያንቺ ቤት ተመታ፣ መግጠም ግን አቃተው።›»
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።
መሳቄ አስፈራኝ።

ትምህርት ቤቱ ሰባተኛ አንድ ክፍል ብቻ አለው፤
ርእሰ መምህሩ ቁጥሩን በሹክሹክታ ነገረኝ፣ ነውር ይመስል፦
«ሰማንያ ሁለት። ሒክማ ስትጨመር ሰማንያ ሦስት።
ወንበር ይዛ ትምጣ እንጂ ቦታ አናጣላትም።»
ደብተሬ ላይ፦ ውሃ፣ የለም። ወንበር፣ የለም። በር፣ ግማሽ።

ቀረ ደረት።
ሐረጎን በሚኒባስ ወጣሁ፤ ጥምዝምዝ፣ እንደ ስሙ፤
ሙቀቱ ከታች ቀረ፣ ተቀበለን ጉሙ።
ደሴ። ጦሳ ራሱን ተከናንቧል፤
ፒያሳ ላይ፣ ከሰው ፊት ቀድሞ ሳሉ ይሰማል።
(ይኼንንም ጻፍኩ።)

አንደኛው ፋርማሲ፦ «የለም።»
ሁለተኛው፦ «ይመጣል።» «መቼ?» «አላህ ያውቃል።»
ሦስተኛው ቧንቧ ውሃ ነው፣ ስሙ አሳቀኝ፤ ደረጃው የተሸረፈ፤
አንዲት ቀጭን ሴት፣ የጋውኗ ክርን የተጣፈ፣
የሚሳበውን መድኃኒት ስጠይቃት
እጇን ወደ መሳቢያው ሰድዳ ቆም አለች።
«ኗሪ ነሽ?
ሦስት ፍሬ ነው ያለኝ። መንገደኛ ሌላ አገር ይገዛል፤
እኔ የማስቀምጠው ሌሊት በሬን ለሚያንኳኳ ነው።»

የናዝሬቱ ቤት ታየኝ፤ በአንድ ጣት የሚዘጋ በሩ፣
ስድስት ዓመት ስንኖር ስሜን ያልጠየቀኝ ሰፈሩ።

«አዎ» አልኩ።

ይመር አልሰማ፣ ሒክማ አልሰማች፣
እኔም ራሴ ገና አልሰማሁ።
«ስም?» አለች መዝገብ ገልጣ። የልጄን ስም ነገርኳት።
«ሰፈር?»
«ኮምቦልቻ። እትዬ የሺሐረግ ግቢ፣ ዘይቱን ያለበት።»
«ቅርብ ነው። አብሽሪ» አለች፣ ጻፈችው።

ማታ ይመር ደወለ። «እህስ?»
መድኃኒቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ሜትሩ ተጠምጥሞበት።
«በሩ አይገጥምም» አልኩት።
ዝም አለ። «በምን ያህል?»
«ሁለት ጣት።»
«በማን ጣት?» አለኝ፣ «በኔ ነው ባንቺ?»