አንድ ሰከንድ ስንት ዓመት ነው?

ኦውሉ ላይ ጥር ገብቶ፣ ወደቡ ደንድኖ፣
መርከቡም እንደ ችካል በረዶ ላይ ሆኖ፣
ቬይኮ ቤት ግን ባሕር ይፈላል ተጥዶ፤
ከአፍታ በኋላ ደግሞ ዳር እስከ ዳር በረዶ።
ደግሞ ይፈላል።
ደግሞ ይረጋል።

ሥራው ማሞቅ ነበር፦ የከተማው ቦይለር፣
ቧንቧ ሲያጉረመርም በጆሮው የሚለይ ችግር፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሙቀት ያስተዳደረ
በገዛ ፕላኔቱ እጁ ተሳሰረ።

መጀመሪያ ፀሐይን ጠረጠረ። ለካት። ልኳ ነው።
ርቀቷንም አየ፤ እሱም ደህና ነው።
አየሩን አሳሳው፣ ጋዙን ቀነሰው፣
ደመናውን ገፎ መልሶ አለበሰው።
ጨረቃዋን ሰረዘ
(ምን በደለችው? እንጃ)።
ጨዋታውን ነቅሎ እንደ አዲስ ጫነ።
ሰው ብትሆን ወባ ነው ባልን፤
ፕላኔት ደም የላት፣ ምኗ ይመርመር?

ሌሊቱ ሲጋመስ አንድ ስሕተት ያዘ፦
ኬልቪን በሚሞላበት በሴልሺየስ አዘዘ፤
ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ከሒሳቡ አጉድሎ
ባሕሩን ፈጠረው ገና ሳይወለድ ገድሎ።
አረመው።
ደስ አለው።
ሻይ ቀድቶ ተቀመጠ።
ባሕሩ ፈላ።
ሻዩ ቀዘቀዘ።

ሲሳደብ ሰምታ ነው ሳይሚ የነቃችው፤
አንድ እግሯ ላይ ካልሲ፣ አንዱ ባዶ ነው።
ከትከሻው በላይ አየች፣ ጥግ ላይ ያለችውን
ማንም የማያያትን ትንሽ ቁጥር።
«አባዬ፣ እዚህ ጋ አንድ ሰከንድ ስንት ዓመት ነው?»
«ሺህ።»
«ለምን?»
«የሆነ ነገር ሲበቅል ለማየት።»
«ታዲያ መቼ ይመሽላታል?»

ዝም አለ።
ሒሳቡ እንደ እኛው ነው፣ ዓይኑን ይጨፍናል፤
በጨፈነ ቁጥር ሺህ ዓመት ያልፈዋል፤
የሺህ ዓመት ፀሐይ ባንዴ ይቆልላል፣
ሲገልጥ ይደነግጣል፣ ሁሉን ባንዴ ይደፋል።
የተቀበሉትን ለመመለስ ሌሊት ያስፈልጋል፤
እሱ ሌሊቷን ሁሉ ዘሎባት ኖሯል።

ያርኮ ትዝ አለው።
ያ ለማጅ ልጅ፣ ቫልቩን በአንድ ትንፋሽ የከፈተው፣
ግማሽ ከተማ ሙሉ ቧንቧ ያስጮኸው።
«እንፋሎት አይቸኮልበትም!» ብሎ
ሰው ሁሉ እያየ ቁልፉን ቀምቶ፣ አባሮት ነበር።
ዛሬ ማን ይቀማው? ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣
እያዛጋች ነው።

አንድ ሰከንድ፣ አንድ ሰዓት አደረገው።
ባሕሩ ተንጠራራ፣ ተኛ።
መሸላት። ነጋላት። መሸላት።
ምንም አልሆነም፤
ሁለቱም ምንም አለመሆኑን ቁጭ ብለው አዩ።
ሳይሚ ሰለቻት፣ ሄደች።
እሱ ቀረ፣ በቀዝቃዛ ሻይ፣
አሥራ አራት ዲግሪ።
አሥራ አራት።
አሥራ አራት።
አሥራ አራት ነጥብ አንድ።