ያገሬው ሰው፣ ከነዕቃ

ካርቶኑ የመኮሮኒ ነው፤ ከኮምቦልቻ የመጣ፣
አሮጌ ጋራዥ ሲፈርስ ከጣራው ሥር የወጣ።
ከላይ የአይጥ ጥርስ፣ ከታች የግራሶ ወዝ፣
መሐሉ ላይ የአንድ ጣሊያን ሻምበል የአሰሳ ጓዝ፦
ዘጠና አንድ ፎቶ፤ ጠርዙ እንደ ብስኩት የተነከሰ፣
ግማሹ የወየበ፣ ግማሹ በደሴ ጉም የራሰ።

የኔ ሥራ ቀላል ነው፦ በነጭ ጓንት አቧራ መጥረግ፣
ቁጥር ሰጥቶ፣ ካርድ ሞልቶ፣ ከፖስታው ውስጥ ማድረግ።
ካርዱ ይጠይቃል፦ ቦታው? ዘመኑ? ያነሳው ማነው?
መልሱ አለ፤ በቀይ ቀለም፣ ዘንበል ባለ ጽሕፈት፣ ከጀርባው።

ሻምበሉ ጥንቁቅ ነበር፤ ይህን አልክደውም፤
ወንዝ ሳይለካ አልተሻገረም፣ ሰዓት ሳይጽፍ አልተኛም።
«ቦርከና፦ ጥልቀቱ እስከ በቅሎ ደረት።»
«ሐርቡ፦ ሙቀት። የውሃ እጥረት።»
«ከገርባ ወዲያ ያለው ገደል፦ ለመኪና አይሆንም።»
«በግራ የቆመችው በቅሎ፦ ስቴላ። ታማለች። አትጫንም።»

ስቴላ።
ያቺን በቅሎ አውቃታለሁ፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ጠብታ አለባት፣
አሥራ ሁለት ፎቶ ላይ ቆማለች፤ በአሥራ ሁለቱም ስም አላት።
ልጓሟን የያዘው ሰው ግን
«ያገሬው ሰው» ነው፤ በቃ።
ሲበዛ፣ «ያገሬው ሰው፣ ከነዕቃ።»

ቁጥር ሃያ ሁለት፦ ሦስት ሴቶች ከምንጭ ዳር።
አንዷ ፊቷን በክንዷ ከልላለች፤
ከፀሐዩ ይሁን ከሰውየው፣ ማን ይናገር።
ካርዱ ላይ «ከለለች» የሚል ቦታ የለም።
«ሴቶች፣ ሦስት» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም።

ቁጥር ሃያ ዘጠኝ ላይ የሻምበሉ ጥላ ወድቋል፤
የባርኔጣው ጫፍ ከአንድ ሽማግሌ እግር ደርሷል።
«ሽማግሌ፤ ጥላ» ብዬ መዝግቤዋለሁ።
ኃላፊዬ ጥላም ይመዘገባል ወይ ቢሉኝ፣
እሱም እዚያው ነበረ እላለሁ።

ሰኞ ለት፣ ገበያው ሲሞቅ፣ አንዲት አሮጊት መጡ፤
ሰማንያን የተሻገሩ። መነጽራቸውን
ከመቀነታቸው ፈተው አወጡ።
ከሠላሳ ስድስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ፤
ልጓም ከያዘው እጅ፣ ትንሿ ጣት ከሥሯ ከሌለች፣
ጠባሳው ከከረመ።
«ይኼማ አባቴ ነው» አሉ። አላለቀሱም።
«ማጭድ ነው የቆረጠው፤ ጦርነት አይደለም፤ ምንም።»

ብዕሬን አነሳሁ። ስንት ወር የጠበቅሁት
የመጀመሪያው ስም! እጄ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።
«ማን ልበል?»

«አትጻፍ» አሉኝ።
«መንገዱን ያሳያቸው እሱ ነው፤ ምንጩን፣
የአርበኞቹን ዋሻ፣ ማታ ማታ ስንቅ የሚያልፍበትን።
ዋጋው አንድ ካቦርት ነበር። ለብሰነዋል ተራ በተራ፤
ይሞቅ ነበር፣ ምን ልዋሽህ፤ ስማችን ግን በደጅ ሳይጠራ
‹የካቦርቱ ልጆች› እንደተባልን አረጀን።
ተወው ልጄ። ያገሬው ሰው ይባል፣ ሰውየው እንዳለው፤
ሳያውቅ የሰጠው ምሕረት ናት፤ አንተ ደግሞ አትንጠቀው።»

ከበሩ ደርሰው ዞር አሉ።
«ያቺ በቅሎ፣ ታማ ነበር አይደል?
አባቴ ሊሞት ሲል ‹ስቴላ፣ ስቴላ› ይል ነበር፤
እናቴ የሴት ስም መስሏት፣
እስክትቀበር ድረስ አኩርፋው ነበር።»

አሁን መብራት ሄዷል። ጦሳ በጉሙ ውስጥ የለም።
ዋሻው ውስጥ ከነበሩትም ልጅ የቀረ አይጠፋም፤
እሱም አንድ ሰኞ ይመጣ ይሆናል፣
ጣቱን እዚሁ ፎቶ ላይ ያቆም ይሆናል።
ምን እለዋለሁ?

በሩን ልዘጋ ስል የእንግዶች መዝገብ ተከፍቶ አገኘሁ፤
በሚንቀጠቀጥ ፊደል የፈረሙትን አየሁ፦
ዙህራ፤
ቀጥሎ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ የአባት ስም።
እሱን እዚህ አልጽፍም።

ገጹን አልቀደድኩም። ወደ ካርዱም አልገለበጥኩ።
መዝገቡን ከካርቶኑ ጎን፣ አንድ ክንድ አርቄ አስቀመጥኩ።