ጣሳ ቁጥር ሠላሳ አንድ

ከሳማርካንድ ወዲያ፣ ካርናብ ሜዳ ዳር፣
በመስታወት ቤት ውስጥ፣ አለች ዙልሁሞር።
ሥራዋ መንፈግ ነው።
ስልሳ ጣሳ ደርድራ፣ ውሃ ከልክላ፣
ጧት ጧት ትመዝናለች፣ አንድ ባንድ አንጠልጥላ።
ትናንት ከነበረው ዛሬ ስንት ጎደለ፣
የቱ ጠወለገ፣ የቱ ተጠቀለለ፣
የትኛው ቡቃያ ቀትሩን ቻለ።

የበግ መኖ ነው ዘሩ፤ ኢዘን ይሉታል፣
አመዳም፣ ደቃቃ፤ ያላወቀው ረግጦት ያልፋል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ ማህካምቦይ፣
(ሦስት መቶ በግ አለው፤ ሣር ግን አለው ወይ?)
ቆቡን አወለቀ፣ ጎንበስ አለ ሊያይ።
"ልጄ፣" አላት፣ "እነዚህ ምን በደሉሽ?
ያውም የሞላ ባልዲ ከጎንሽ አስቀምጠሽ!"
"የሚሞተው እዚህ ይሙት፣ በኔ እጅ ሥር፣
ሜዳ ላይ አንተን ከነበጎችህ ከሚያሳፍር።"
ሽማግሌው ሳቀ፤ ጥርሱ ሁለት ነበር።

በሃያኛው ቀን ጠጡ። ከስልሳው መሀል፣
ዘጠኙ ቀና አሉ፤ የቀረው ቀርቷል።

ሠላሳ አንድ ግን ቀድሞ፣ ገና በዘጠነኛው ቀን፣
ክብሪት እንጨት መስሎ፣ አራግፎ ቅጠሉን፣
ሳይጠጣ ተሸኝቷል።
በጥፍሯ ልጡን ጫረች፤ አረንጓዴ አጣች፤
"ደረቀ" ብላ ጻፈች፤
ከነአፈሩ ገልብጣ ከበር ውጭ ጣለች።

ሪፖርቱ ታሽኬንት ገባ፣ ከነሠንጠረዡ፣
ዘጠኙ አሸናፊዎች በተራ ተያዙ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ሌሊት፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ ዘነበ።
ጧት ጥራጊ ልትደፋ ወጥታ፣ እግሯ ተገተረ።
ከዛገ ቆርቆሮ፣ ከተደፋ አፈር መሀል፣
የመርፌ ዓይን የሚያህል
አረንጓዴ፤ አጠገቡም፣ ጭቃ የለበሰ ታርጋ፦
ሠላሳ አንድ።

ዝናቡ ባንድ ሌሊት አላበቀለውም፤
ሲያስብበት ነው የከረመው፣ ለማንም ሳይናገር።

ደብተሯን ገለጠች። ላጲስ አነሳች፤ አስቀመጠች።
አንድ ተክል ማስረጃ አይሆንም፤ ታውቃለች።
ግን የጻፈችው ቃል ዓይን ዓይኗን ያያታል፣
ባልዲው እንደ ሞላ በሩ ላይ ቆሟል።

ዙልሁሞር፣ እኔን ብትሰሚኝ፣ ላጲሱን ተዪው።
በኔ ቋንቋ ጻፊው፦
"ሠላሳ አንድ፦ ድርቅ አለ።"
ለአለቆችሽ ስታነቢ፣ "አለ" የሚለውን አጥብቀሽ፤
ለማህካምቦይ ግን፣
ላላ አድርገሽ።