የኦሬስት አዝራር

ሙያዬን ሲጠይቁኝ «ፊት እሠራለሁ» እላለሁ፤
ቀለም ቀቢ ይመስላቸዋል፣ ዝም ብዬ አልፋለሁ።
ሞተሩ የሌላ ነው፣ ጎተራውም የሌላ፤
የኔ ድርሻ ገጹ ነው፣ የቀረው ሁሉ ከኋላ።

ባለፈው ጥር፣ ዊኒፔግ፣ መስኮቴን በረዶ ሲውጥ፣
ለኦሬስት፣ ለበረዶ ጠራጊው፣ ገጽ ሳስጌጥ፣
ሦስት ሌሊት ፈጀሁ፤ ሰማያዊው፣ ጥላው፣
ሽንብራ የሚያክል አዝራር፣ ሲያምር ብታየው!

ሊያይ መጣ። ጓንቱን አወለቀ።
ሁለት ጣቶቹን ብርድ በልቷቸዋል።
የተረፈው ጣት ስልኩ ላይ ተንቀጠቀጠ፤
ሳተ። ደግሞ ሳተ።
«ያምራል» አለኝ አንገቱን ደፍቶ፣
ጥፋቱ የሱ ይመስል።

ያን ምሽት ጥላውን ደመሰስኩ፣
ፊደሉን አገዘፍኩ፣
አዝራሩን እንደ መዳፍ አሰፋሁት።

ክፍያው ግማሹ በቼክ፣ ግማሹ በአካፋ፤
ደጄን እስከ መጋቢት ጠረገልኝ።

አሁን አዲስ ሥራ ስይዝ፣ ከቀለሙ በፊት፣
ወፍራም ጓንት አጠልቃለሁ፤
ሁለት ጣቴን አጥፌ እሞክራለሁ።
ከሳትኩ፣ ገጹ ገና ፊት አላወጣም።

ትናንት ኦሬስት ደወለ፦
«ዛሬ አዝራሩን አሥራ አራት ሰው ተጭኖታል!»
ትንሽ ዝም አለና፣
«ሦስቱ ግን እኔ ነኝ።»